ከቆርቆሮው ጀምሪ፦ በአሮጌ ዕቃ የራስሽን ዕቃ ቤት መስራት

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ደብረ ብርሃን ነው የምንኖረው። የወላጆቼ ቤት ክዳን ሲቀየር 22 አሮጌ ቆርቆሮ ወርዶ ግቢ ተቀምጧል። እያንዳንዱ 2 ሜትር በ90 ሳንቲ ነው። ግማሹ ደህና ነው፣ ግማሹ ዝጎ ተበሳስቷል። አንድ የእንጨት በር፣ 9 ሞራሌና አንድ ጆንያ የተነቀለ ምስማርም አለን። ባህር ዛፍ አጎቴ ይሰጠናል። ጎረቤታችን ደግሞ ግራጫ፣ ወፍራም፣ ሲሚንቶ የሚመስል 4 የድሮ ክዳን ውሰዱ ብለውናል። በዚህ ሁሉ 3 በ4 የሆነ ዕቃ ቤት ለመስራት አስቤያለሁ፤ ለገብስ፣ ለኩበትና ለእርሻ ዕቃ። አናጺ የምንቀጥርበት ገንዘብ የለም፣ እኔና ወንድሜ ብቻ ነን። ይቻላል ወይ?

መልስ፦

ይቻላል እህቴ። በደንብ ይቻላል። 26 ዓመት በአናጺነት ስሰራ ካየኋቸው ቤቶች ጠንካራ ሆነው የቆዩት ሁሉም በአዲስ ዕቃ የተሰሩ አይደሉም። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልንገርሽ። 3 በ4 የሚለውን ለጊዜው እርሺው። በአዲስ ዕቃ የሚሰራ ሰው መጀመሪያ ልኩን ይወስናል፣ ከዚያ ዕቃውን ይገዛል። በአሮጌ ዕቃ ሲሰራ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቆርቆሮው ምን ያህል እንደሚሸፍን ታይቶ ነው የቤቱ ልክ የሚወጣው። ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። ቋሚውን በፈለገው ልክ ይተክልና ቆርቆሮው 30 ሳንቲ ሲያጥረው አዲስ ሊገዛ ይሮጣል፣ ወይ ደግሞ መደራረቢያውን ቀንሶ ሲያፈስበት ይኖራል።

ወደ ስሌቱ ከመግባቴ በፊት ግን የጎረቤታችሁን ስጦታ እናንሳ። ግራጫ፣ ወፍራምና ሲሚንቶ የሚመስል የድሮ ክዳን ካልሽኝ አስቤስቶስ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በአክብሮት አመስግናችሁ አንወስደውም በሏቸው። አስቤስቶስ ሳይሰበር ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ብዙም አይጎዳም። ሲቆረጥ፣ ሲበሳና ሲሰባበር ግን በዓይን የማይታይ ብናኝ ይወጣዋል። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ ካንሰርም ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ሁሉም ዓይነት አስቤስቶስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ በግልጽ ብሏል። ክፋቱ ደግሞ በሽታው የሚታየው ከ20 እና ከ30 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው፤ ዛሬ በመጋዝ የቆረጠው ሰው ምንም አይሰማውም። ሰባብረን ወለል ላይ እናንጥፈው የሚል ምክር ብትሰሚም እንዳትቀበዪ። ለጎረቤትሽም ንገሪያቸው፣ ሳያውቁ ልጆች እንዳይጫወቱበት።

አሁን ወደ ቆርቆሮው። 22ቱንም አንድ በአንድ አውጪያቸው። ፀሐይ ባለበት ሰዓት ወንድምሽ ከፍ አድርጎ ይያዘው፣ አንቺ ከስር ቁመሽ ወደ ላይ እዪ። ብርሃን የገባበት ሁሉ ውሃ ይገባበታል። የድሮ ምስማር ቀዳዳ አያስጨንቅሽ፣ እሱ መላ አለው። የምትፈልጊው ዝገት በልቶት እንደ ወንፊት የሆነውን ነው። ጫፉን በጣትሽ ጫን በዪው፤ እንደ ደረቀ ቅጠል ከተሰነጠቀ ለክዳን አይሆንም። ውፍረቱንም እወቂ። ቆርቆሮ ላይ የታተመው ቁጥር ሲጨምር ውፍረቱ ይቀንሳል፦ 28 ወፍራም ነው፣ 32 ቀጠን ይላል፣ 35 በጣም ስስ ነው። ማህተሙ ጠፍቶ ከሆነ ስሱ በእጅ ሲነሳ መሃሉ ይወዛወዛል፣ ወፍራሙ ቀጥ ይላል። ስስ ከሆነ ከስሩ የሚሸከመውን እንጨት ማቀራረብ አለብሽ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ግማሹ ደህና ነው ብለሻል፣ ስለዚህ 11 ደህና፣ 11 የተበሳሳ ብለን እንሂድ። ደህናው ለክዳን፣ የተበሳሳው ለግድግዳ። ግድግዳ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ቢኖር ውሃው ቁልቁል ስለሚወርድ ብዙ አይገባም። ክዳን ላይ ግን አንዲት ቀዳዳ አንድ ጆንያ ገብስ ታበላሻለች።

ክዳኑን ወደ አንድ ጎን ብቻ ያዘነበለ አድርጊው። ሁለት ፊት ያለው ክዳን አናቱ ላይ መገጣጠሚያ ይፈልጋል፣ መገጣጠሚያ ደግሞ ለጀማሪ ዋናው የማፍሰሻ ቦታ ነው። ሁለት ቆርቆሮ ከላይና ከታች ቀጥለሽ በ20 ሳንቲ ብታደራርቢያቸው 3 ሜትር ከ80 ይሸፍናሉ። ወደ ጎን ደግሞ 5 ቆርቆሮ ትደረድሪያለሽ። አሮጌ ስለሆነ በአንድ ሞገድ አትደራርቢ፣ ሁለት ሙሉ ሞገድ ይግባበት። ይህ 15 ሳንቲ ገደማ ይበላል፣ ስለዚህ እያንዳንዱ 75 ሳንቲ ይሸፍናል፤ 5ቱ ከመጨረሻው ትርፍ ጋር 3 ሜትር ከ90 ይሆናሉ። 10 ቆርቆሮ ሄደ ማለት ነው፣ ከደህናው አንድ ተረፈሽ። ግድግዳ ላይ አንድ ሞገድ መደራረብ ስለሚበቃ 4 ቆርቆሮ 3 ሜትር ከ35 ያህል ይሸፍናል። በሶስት ጎን 12 ይፈልጋል፤ 11ዱ የተበሳሳው፣ አንዱ የተረፈሽ። 22ቱም አለቁ፣ አንድም አልተጣለም።

ስለዚህ ቤትሽ ስፋቱ 3 ሜትር ከ35፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር ከ10 ነው። ካሰብሽው ትንሽ ያንሳል። ግን አንድ ቆርቆሮ ሳትገዪ ክዳኑ በግራና በቀኝ 27 ሳንቲ፣ በፊትና በኋላ 30 ሳንቲ ገደማ ከግድግዳው አልፎ ይወጣል። ይህ የወጣው ክፍል ቅንጦት እንዳይመስልሽ። ዝናብ ከግድግዳው ስር ቋሚውን እንዳያረጥብ የሚጠብቀው እሱ ነው። 22 ስትቆጥሪ ከ11 ያነሰ ደህና ቆርቆሮ ካገኘሽ ወደ ጎን 4 አድርጊና ቤቱን አጥብቢው እንጂ መደራረቢያውን እንዳትቀንሺ።

እንጨቱን አሁኑኑ አስቆርጪ። የካቲት ላይ ነን፣ ክረምቱ ሳይገባ ለመጨረስ ጊዜ አለሽ። አጎትሽ የሚሰጧችሁ ነጭ ባህር ዛፍ ይመስለኛል፣ እዛ አካባቢ የሚበዛው እሱ ነው። ባህር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከመጣ ጀምሮ የስንቱን ሰው ቤት አቁሟል፣ ግን እርጥቡን ከተጠቀምሽበት ይጠማዘዛል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ምስማሩም ይላላል። ወዲያው ልጡን ላጡት። ልጥ ስር እርጥበትና ነፍሳት ይደበቃሉ። ከዚያ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ በመሃሉ ነፋስ እንዲያልፍ ደርድራችሁ፣ ጥላ ቦታ ቢያንስ አንድ ወር ይቆይ። ፀሐይ ላይ ከተተወ በፍጥነት ደርቆ ይተረተራል።

የሚያስፈልግሽ ቋሚ 9 ነው፣ ውፍረታቸው ከ10 እስከ 12 ሳንቲ። ለፊት 3 ባለ 3 ሜትር ከ30፣ ለኋላ 3 ባለ 2 ሜትር ከ70፣ ለግራና ለቀኝ መሃል አንድ አንድ ባለ 3 ሜትር፣ አንድ ደግሞ ለበሩ መያዣ። ከእያንዳንዱ 60 ሳንቲ መሬት ይገባል። በላያቸው ላይ ለሚጋደመው አግዳሚ 2 ረጅም እንጨት፣ ከዚያ ከፊት ወደ ኋላ የሚወርዱ 3 ወራጆች፣ ከ3 ሜትር ከ80 ያላነሱ። ለግድግዳው ማገር ቀጭን አጣና ይበቃል። ሞራሌዎቹን ለክዳኑ አስቀምጪያቸው፣ ቆርቆሮ የሚመታባቸው እነሱ ናቸው። ግን መጀመሪያ ፈትሺያቸው። ቢላ ወይም መሮ ወጋ አድርጊባቸው። ጫፉ ብቻ ገብቶ ከቆመ ጥሩ ነው፣ በቀላሉ ጠልቆ ከገባ በስብሷል። ትናንሽ ክብ ቀዳዳና ነጭ ዱቄት ካየሽ ነቀዝ አለው፣ ለማገዶ ይሁን፤ ገብስ ከሚቀመጥበት ቤት አታስገቢው።

ምስማሩን በተመለከተ ሐሳቤ ቁርጥ ያለ ነው። ከጆንያው ውስጥ ቀጥ ያሉትን ለይታችሁ፣ የጎበጡትን በድንጋይ ላይ አቅንታችሁ ለግድግዳ ማገር ተጠቀሙባቸው። ለክዳን ግን አዲስ የቆርቆሮ ምስማር ግዢ። ቋሚና ወራጅ ለሚያያዝበትም አዲስ ባለ 10 እና ባለ 12 ምስማር ግዢ። ገንዘብ ካለሽ የሚገባው እዚህ ነው፦ ክዳኑን በሚይዘው ምስማርና መሬት ውስጥ በሚገባው የቋሚ እግር። ግድግዳ ቢያስጠላም ይቆያል፣ በር ቢጮህም ይዘጋል። አሮጌ ቤት የሚሞተው ግን ከአናቱና ከእግሩ ነው።

ከሞራሌው ላይ ምስማር ስትነቅሉ በጉጠቱ ወይም በመዶሻው ስር ትንሽ ጣውላ አድርጉ፣ እንጨቱ አይጎዳም፣ ጉልበትም ይቆጥባል። የሁለታችሁም ጫማ ወፍራም ሶል ይኑረው፣ የነቀላችሁትን ምስማር ደግሞ መሬት ላይ አትጣሉ፣ ጣሳ ውስጥ ክተቱ። ምስማር የወጋው ሰው ቁስሉ ትንሽ ስለሆነ ይንቀዋል። መንጋጋ ቆልፍ የሚገባው ግን በእንደዚህ ዓይነት ጠባብና ጥልቅ ቁስል ነው። ከተወጋችሁ በደንብ አጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ስለ ክትባቱ ጠይቁ።

ቦታውን ስትመርጪ ከአጥሩ ቢያንስ አንድ ሜትር ራቂ። ክዳኑ የሚያፈሰው ውሃ ጎረቤት ግቢ ገብቶ ሰው የተጣላበትን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ደግሞም ወደፊት የኋላውን ግድግዳ ለመጠገን መግቢያ ያስፈልግሻል። ክረምት ውሃ የሚተኛበትን ቦታ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ እዛ አይሁን። ከተማ ውስጥ ስለሆናችሁም ከመጀመራችሁ በፊት ቀበሌ ወይም ማዘጋጃ ቤት ጠይቁ፤ ከተሰራ በኋላ አፍርሱ ከመባል ይሻላል።

አራቱን ማዕዘን በችካልና በሲባጎ ለኩ። ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱን የምታውቁት እንዲህ ነው፦ ከአንዱ ጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ በሰያፍ ለኩ፣ ሌላውንም እንዲሁ። ሁለቱም 4 ሜትር ከ56 ከመጡ ማዕዘኑ ልክ ነው። አንዱ ከበለጠ ችካሉን ትንሽ እየገፋችሁ አስተካክሉ። ይህን ሥራ አትሰልቹበት። ማዕዘኑ 10 ሳንቲ ከተዛባ ቆርቆሮው ክዳን ላይ እንደ መሰላል እየተንሸራተተ ይሄዳል፣ የመጨረሻው ላይ ስትደርሱ አይገጥምም።

ጉድጓዱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ደብረ ብርሃን አካባቢ ጥቁር አፈር ብዙ ነው። መረሬ ክረምት ይነፋል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ቋሚውን በዚያው በወጣው ጥቁር አፈር መልሳችሁ ከደፈናችሁት በየዓመቱ ይወዛወዛል፣ ከሁለት ክረምት በኋላ ቤቱ ያዘነብላል። ስለዚህ 70 ሳንቲ ቆፍሩ። ከስር 10 ሳንቲ ጠጠር አድርጋችሁ ቋሚውን አቁሙ። ዙሪያውን በድንጋይና በጠጠር እየጠቀጠቃችሁ ሙሉ፤ የድጅኖው ጀርባ ለመጠቅጠቅ ጥሩ ነው። ጥቁሩን አፈር አርቁት። አፉ ላይ ሲደርስ ድንጋዩን ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ወደ ውጭ አዘንብሉት፣ ውሃ ቋሚው ስር አይተኛም። ቀይ አፈር ከሆነ ግቢያችሁ ሥራው ይቀላል፣ ጠጠሩ ግን አይቅር።

ቋሚ የሚበሰብሰው ከስሩ ሳይሆን መሬቱና አየሩ ከሚገናኙበት ቦታ ነው። እዛ እርጥበትም አለ፣ አየርም አለ። ስለዚህ የሚቀበረውን 60 ሳንቲና ከመሬት በላይ 20 ሳንቲ በእሳት ላይ እያዞራችሁ ላዩን ብቻ አጥቁሩት። ሲበርድ የቀለጠ ሬንጅ ሁለት ጊዜ ቀቡት። ሰዉ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል፣ ምስጥን ያርቃል፣ እኔም ብዙ ዓመት ተጠቅሜበታለሁ። አሁን ግን የጉድጓድ ውሃ ወይም ጓሮ አትክልት ባለበት ግቢ አልጠቀምበትም። ወደ አፈሩ ይሰርጋል፣ የምትበሉት ጎመን ስር ይደርሳል። ሬንጅ ስታቀልጡ ደግሞ ከቤት ውጭ፣ በቀስታ እሳት፣ ውሃ ያልነካው ዕቃ ውስጥ ይሁን።

ቋሚዎቹን በቱምቢ ቀጥ አድርጋችሁ ስትተክሉ ፊቱ ከመሬት 2 ሜትር ከ70፣ ኋላው 2 ሜትር ከ10 ይሁን። የ60 ሳንቲ ልዩነት በየሜትሩ 20 ሳንቲ ገደማ ቁልቁለት ይሰጥሻል። ለተደራረበ አሮጌ ቆርቆሮ ከዚህ ያነሰ አልመክርሽም። ነፋስ ያለበት ዝናብ ውሃውን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ቁልቁለቱ ትንሽ ከሆነ በመደራረቢያው ተመልሶ ይገባል። ቱምቢ ከሌላችሁ ድንጋይ በሲባጎ ማንጠልጠል ይበቃል።

ከዚያ አግዳሚው፣ ከዚያ ወራጁ። አሁን የምነግርሽን በደንብ ያዢው። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ሱሉልታ ለአንዲት ዘመዴ እንዲህ ያለ ዕቃ ቤት ሰራሁ። ወራጁን በጥሩ ምስማር መታሁት፣ ቆርቆሮውም አምሮ ገጠመ። መጋቢት ላይ አንድ ሌሊት የመጣ ነፋስ ክዳኑን ከነወራጁ አንስቶ ሌላው ጓሮ ጣለው። ሌሊት ስለነበር ሰው አልነበረም፣ ቀን ቢሆን ምን ይፈጠር እንደነበር እስከ ዛሬ አስባለሁ። ምስማሩ አልተሰበረም፣ ቀጥ ብሎ ነው የወጣው። ነፋስ ቆርቆሮን ከላይ አይጫነውም፣ ወደ ላይ ይስበዋል፤ ከታች የገባው ደግሞ ይገፋዋል። ከዚያ ወዲህ ያለ ሽቦ ክዳን ሰርቼ አላውቅም። እያንዳንዱ ወራጅ ከአግዳሚው፣ አግዳሚው ደግሞ ከቋሚው ጋር በማሰሪያ ሽቦ ሶስት አራት ዙር ይጠምጠም፣ በፒንሳ ይጥበቅ። ከድሮው ቤት የወጣ ሽቦ ካላችሁና ካልዛገ ይሆናል። ደብረ ብርሃን ነፋሱ ምን እንደሚመስል ለአንቺ አልነግርሽም።

በየጥጉ ደግሞ ሰያፍ እንጨት ምቱ፤ ከቋሚው እግር ወደ ሚቀጥለው ቋሚ አናት የሚሄድ። ያለ ሰያፍ አራት ማዕዘን ነገር በነፋስ ይጣመማል። ግቡና ቋሚውን ግፉት፤ ከተነቃነቀ ሰያፍ ይቀረዋል።

አሁን ለአሮጌ ቆርቆሮ ብቻ የሚሆን አንድ ዘዴ ላሳይሽ። ቆርቆሮዎችሽ ሁሉ ከአንድ ጣሪያ ስለወረዱ የምስማር ቀዳዳዎቻቸው በአብዛኛው በተመሳሳይ ርቀት የተሰለፉ ናቸው። ያንን ርቀት በሜትር ለኪው። ሞራሌዎቹን ወራጁ ላይ ስትመቺ በዚያው ርቀት ምቺያቸው። እንዲህ ከሆነ አዲሱ ምስማር በድሮው ቀዳዳ ይገባል፣ አዲስ ቀዳዳ አትበሺም። ከላይ እስከ ታች 5 መስመር ሞራሌ ይበቃል፣ ልዩነቱ ከ95 ሳንቲ አይለፍ። ቆርቆሮው ስስ ከሆነ 7 መስመር አድርጊው። ሁለቱ ቆርቆሮ የሚደራረቡበት ቦታ የግድ ሞራሌ ላይ ማረፍ አለበት። 9 ሞራሌ አጭር ከሆነ ቀጥይው፣ ግን መቀጠያው ወራጅ ላይ ይረፍ፣ አየር ላይ አይሁን።

የድሮ ቀዳዳ ሰፍቶ ስለሚሆን የምስማሩ ኮፍያ ብቻ አይደፍነውም። ጎማ ሰሪ ቤት ሄደሽ የማያገለግል የመኪና ከመነዳሪ ጠይቂ። 3 ሳንቲ ያህል ክብ እየቆረጥሽ በምስማሩ ኮፍያ ስር አድርጊ። ሲመታ ይጨመቅና ይደፍናል። ግን እስኪሰረጉድ አትምቺ፣ ላስቲኩ ተቆርጦ ይጠፋል። ምስማሩ ሁልጊዜ በሞገዱ ጉብታ ላይ ይመታል። ውሃ የሚሄደው በጎድጓዳው ነው፤ እዛ የተመታ ምስማር ምንም ብታደርጊው ያፈሳል። የድሮው ሰሪ ጎድጓዳው ላይ የመታበት ካጋጠመሽ ያንን ቀዳዳ ሬንጅ ቀብተሽ ከመነዳሪ ለጥፈሽ፣ ላዩን እንደገና ሬንጅ ቀብተሽ ዝጊው።

አደራደሩ ከታች ይጀምራል፣ የላይኛው በታችኛው ላይ ይወጣል። ወደ ጎን ደግሞ ነፋስ ከሚመጣበት በተቃራኒው ጫፍ ጀምሪ፣ መደራረቢያው ጀርባውን ለነፋስ ይሰጣል። ክዳን ላይ ስትወጡ ሞራሌው ባለበት ብቻ እርገጡ፣ ጣውላ አንጥፋችሁ ከሆነ የተሻለ ነው። ጠል ባለበት ጠዋትና ነፋስ በሚበረታበት ሰዓት አትውጡ። ዝገት የጀመረውን ሳትሰቅሉት በፊት በብረት ብሩሽ ፍቃችሁ ፀረ ዝገት ቀለም ቀቡት፣ ከተሰቀለ በኋላ ውስጡን አታገኙትም።

ግድግዳው ቀላል ነው። የኋላውንና የጎኖቹን ቆርቆሮ አቁማችሁ ማገሩ ላይ ምቱ። ከመሬት 10 ሳንቲ ከፍ ይበል፣ ስሩን በድንጋይ ሙሉት። መሬት የነካ ቆርቆሮ በጥቂት ክረምት ይበላል። ቆርቆሮው 2 ሜትር ስለሆነ ጎኖቹ ላይ ከክዳኑ ስር ሶስት ማዕዘን ክፍት ቦታ ይቀራል። እሱን አትዝጊው፣ የሽቦ ወንፊት ምቺበት። ሌሊቱ ስለሚበርድ ቆርቆሮ ከውስጥ ያልበዋል፣ ጠዋት ገብሱ ላይ ይንጠባጠባል። አየር ከተላለፈ ግን ላቡ ይደርቃል። ወንፊቱ ወፍና አይጥም ይከለክላል።

የፊቱ ግድግዳ ቆርቆሮ አልቆበታል። በሩን 80 ሳንቲ ብለን ካወጣን 2 ሜትር ከ55 ይቀራል። እኔ ብሆን ጭቃ አደርገው ነበር። የጤፍ ጭድ ቀላቅላችሁ ሳምንት ያህል እያረጠባችሁ አቡኩት፣ ማገሩን አቀራርባችሁ ምረጉት፣ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቀውን በሁለተኛ ምርጊት ዝጉ። ክዳኑ ካለቀ በኋላ ይሁን፣ ጭቃው ዝናብ አያገኘውም። ጭቃ ካልፈለጋችሁ የፓሌት፣ ማለትም ዕቃ የሚጫንበት የእንጨት ርብራብ፣ ጣውላ ይሆናል። ግን ፓሌቱ ላይ የተቃጠለውን ማህተም አንብቢ። ኤችና ቲ የሚል የላቲን ፊደል ካለው በሙቀት የታከመ ነው፣ ችግር የለውም። ኤምና ቢ ካለው በመርዛማ ጋዝ የታጠነ ነው፣ ከእህል ጋር አይቀመጥም። ዘይት ወይም ኬሚካል የፈሰሰበትንም ተዪው።

የድሮው በር ቀለም ካለው በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት። የድሮ የዘይት ቀለም እርሳስ የሚባለው ብረት ሊኖርበት ይችላል፣ አቧራው በተለይ ለሕፃናት አእምሮ መጥፎ ነው። ከላዩ ቀቡት፣ በቃ። ማጠፊያና ቁልፍ ከጎደለሽ አዲስ አበባ ሰው ካለሽ መርካቶ ምናለሽ ተራ ያገለገለ ግን ወፍራም ብረት ማጠፊያ ይገኛል። ከአዲሱ ስስ ማጠፊያ እሱን እመርጣለሁ።

ወለሉን ከውጭው መሬት 15 ሳንቲ ከፍ አድርጉት፣ በድንጋይና በገረጋንቲ ጠቅጥቃችሁ። የገብሱ ጆንያ መሬት አይንካ፣ ግድግዳም አይንካ፣ በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጥ። ኩበቱንና ገብሱን አንድ ላይ እንዳታደርጊ እለምንሻለሁ። ኩበት እርጥበትና ነፍሳት ይዞ ይገባል፣ እሳት ከተነሳም ሁሉን ይዞ ይሄዳል። መሃሉን በጣውላ ከፋፍዪው፣ ወይም ኩበቱን በተረፈው የክዳን ጠርዝ ስር ከውጭ ደርድሪው።

የክዳኑ ውሃ ከኋላ ይወርዳል። አሸንዳ መግዛት ካልቻልሽ እንኳን ውሃው በሚወድቅበት መስመር ድንጋይ አንጥፊ፣ መሬቱን እየቆፈረ ወደ ቋሚው እንዳይመጣ። አሸንዳና በርሜል ከተገኘ ግን ክዳንሽ ትንሽ አይደለም፤ 10 ሚሊሜትር ዝናብ ሲዘንብ 140 ሊትር ገደማ ይሰጥሻል። አንድ ጥሩ የሐምሌ ዝናብ 200 ሊትር በርሜል ሊሞላ ይችላል። ሬንጅና አሮጌ ቆርቆሮ የነካው ስለሆነ ለመጠጥ አታድርጊው፣ ለልብስና ለጓሮ ይሁን። በርሜሉ ቀድሞ ምን እንደያዘ ሳታውቂ እንዳታስገቢው፣ የበርሜሉን ክዳንም በእሳት የሚቆርጥልሽ ሰው እንዳትፈልጊ፤ ነዳጅ የነበረበት ባዶ በርሜል በእሳት ሲነካ ይፈነዳል።

ሁሉም ሲያልቅ ዕቃ ወዲያው አታስገቡ። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ጠመኔ ይዘሽ ግቢና በሩን ዝጊ። የሚንጠባጠብበትን ሞራሌ ሁሉ በጠመኔ ምልክት አድርጊበት። ውሃ ጠብ ባለበት ቦታ አይደለም የሚገባው። ከላይ ገብቶ በእንጨቱ ስር እየተሳበ ዝቅ ብሎ ነው የሚንጠባጠበው። ስለዚህ ከምልክቱ ወደ ላይ፣ ወደ ፊተኛው ግድግዳ አቅጣጫ እየሄድሽ የመጀመሪያውን እርጥብ ምስማር ፈልጊ። ፀሐይ ወጥቶ ቆርቆሮው ሲደርቅ ያንን ምስማር ንቀዪ፣ ከመነዳሪውን በሰፋ ቀይሪው፣ ሬንጅ ነክተሽ መልሰሽ ምቺው። በሚቀጥለው ዝናብ እንደገና ግቢ። ሁለት ዝናብ ያለ ጠብታ ካለፈ ገብሱን አስገቡ።